ለቀባሪው አረዱት

ከምርቃቶቻችን ሁሉ «ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው ይገርመኛል። ዕድሜ ይስጥህ፣ ልጅ ይባርክልህ፣ ጤና አይንሣህ ሲባል ተመራቂው በዓይኑ የሚያየው፣ በእጁ የሚዳስሰው ነገር እየተለመነለት ነው። ይህኛው ግን ተመራቂው በማይኖርበት ቀን ስለሚሆን ነገር ነው። በዚያ ቀን ለቀስተኛው ሺህ ይሁን አንድ፣ ድንኳኑ ይሙላ ይጉደል፣ እሱ የሚያውቀው ነገር የለም። ሆኖም ይህችን ምርቃት የሚቀበለው ከሌሎቹ ሁሉ ጠና ባለ አሜን ነው። የማላይበትን ቀን ለምን እፈራዋለሁ? የግሪኩ ኤፒቆሮስ ሞት ሲመጣ እኛ ስለማንኖር ሞትን መፍራት አይገባንም ብሎ ተከራክሯል። ክርክሩ ቀዳዳ የለውም፤ ተከራክሮ ያሳመነው አሮጊት ግን መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ጥያቄው ከሟቹ ወደ ቀባሪው ሲዞር ደግሞ ይብሳል። ሰው ይሞታል፤ በተከራያት ክፍል ውስጥ፣ በሆስፒታል አልጋ ላይ ወይም በመንገድ ዳር። ፖሊስ ይመጣል፣ አስከሬኑ ይመረመራል፣ ዘመድ ይጠበቃል፤ ዘመድ አይመጣም። በመጨረሻ ሹም ፈርሞ፣ ደመወዝተኛ ቆፍሮ አፈር ያለብሰዋል። በእኛ አገር «ማዘጋጃ ቤት ቀበረው» ይባላል፤ ሲነገርም ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው። አልቃሽ የሌለበት፣ ከንፈር የሚመጥ እንኳ ያልቆመበት ይህ ሥራ ምን ይባላል? ጉድጓድ መቆፈርና አፈር መመለስ ብቻውን ቀብር ከሆነ፣ ገበሬም የሞተ በሬውን ሲደፍን ቀበረ ሊባል ነው። ካልሆነ ደግሞ በማዘጋጃ ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ የጎደለው፣ ወይም ሳይታወቅ የተጨመረው ነገር ምን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

በዚህ ነገር ላይ ይሉኝታ የሌለው መልስ የሰጠው የእንግሊዝ ሕግ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ዘመድ ያልቀረበለትን ሟች የአካባቢው ምክር ቤት እንዲቀብር ወይም እንዲያቃጥል የሚያስገድደው ድንጋጌ የሚገኘው እ.ኤ.አ. በ1984 በወጣው፣ የበሽታ ቁጥጥርን በሚመለከተው የሕዝብ ጤና ሕግ 46ኛ አንቀጽ ውስጥ ነው። ስለ ሰው ክብር በሚናገር ሕግ ውስጥ አይደለም፤ ስለ ተላላፊ በሽታ በሚናገር ሕግ ውስጥ ነው። አስተሳሰቡ ቀጥተኛ ነው፤ ሰው ከሞተ ይበሰብሳል፣ የበሰበሰ ሰፈር ያውካል፣ ስለዚህ አንድ ሰው ማንሣት አለበት። ይህን ሳነብ መጀመሪያ የተሰማኝ ቅዝቃዜው ነው። ትንሽ ወረድ ሲባል ግን ያው አንቀጽ አንድ ነገር ይጨምራል፤ ሟቹ መቃጠልን አይፈልግም ነበር ብሎ ለማመን ምክንያት ካለ ምክር ቤቱ ሊያቃጥለው አይችልም። እዚህ ላይ ሕጉ ከራሱ ጋር ይጣላል። የሚያውክ ሽታ ፈቃድ የለውም፤ ቆሻሻ የሚያነሣ ሰው ቆሻሻውን ምን ትወዳለህ ብሎ አይጠይቅም። ሬሳን እንደ ጤና ጠንቅ ብቻ ለማየት ቆርጦ የተነሣ ሕግ አውጪ ሦስት መስመር ሳይርቅ ከሞተው ሰው ፈቃድ ጋር ተገናኘ፤ ተገናኝቶም መንገድ ለቀቀለት። ከሞት በኋላ የሚቀር ነገር አለ ወይ ለሚለው ጥያቄ የሥጋ ሐኪምና የነፍስ ሐኪም ሲከራከሩ ኖረዋል። የምክር ቤት ጸሐፊ ግን ሳይከራከር አለ ብሎ ፈርሟል።

የሚቀረው ነገር ፈቃድ ከሆነ፣ ፈቃዱን የሚጠብቅለት ማን ነው? ሬሳ ዕቃ አይደለምና በባለቤትነት አይያዝም፤ ሆኖም በብዙ አገር «ባለቤት ያልቀረበለት አስከሬን» ይባላል። ይህ ንግግር ባዶ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1832 በዚያው በእንግሊዝ የወጣው የአናቶሚ ሕግ በድሆች መጠለያ ሞቶ ጠያቂ ያጣ ሰው ለሕክምና ትምህርት ቤቶች እንዲሰጥ ፈቀደ። ከዚያ ዘመን ጀምሮ ድሃው እንግሊዛዊ ከሞት ይልቅ ጠያቂ ማጣትን ፈራ፤ በየሳምንቱ ሳንቲም እያዋጣ ለቀብሩ የሚያጠራቅምባቸው ማኅበራት ውስጥም ተጨናንቆ ገባ። የእኛን እድር የሚያውቅ ሰው እነዚህን ማኅበራት ለማወቅ አይቸገርም። ነገሩን ከሌላ ጎን ሲያዩት ደግሞ ይዞራል። በብዙ አገሮች እስከ ዛሬ የሕክምና ተማሪ ልብና ሳምባን፣ ጅማትና አጥንትን የሚያጠናው ማንም ባልጠየቀው ሰው ገላ ላይ ነው። ነገ ልጄን ቀዶ የሚያድን ሐኪም የተማረው ከእሱ ነው። የማንም ያልሆነው ሰው የሁላችን ባለውለታ ሆኖ ያልፋል፤ ውለታውን ግን እኛ አናውቀውም፣ እሱም አላወቀውም።

ውለታ የሚለውን ካነሣን ወደ እድር መመለስ ግድ ነው። እድርን ማመስገን የተለመደ ነው፤ ይገባዋልም። ግን በቀዝቃዛ ዓይን ስናየው መዝገብ ያለው፣ የወር መዋጮ ያለው፣ በቀብር ላይ ስም የሚጠራበትና የቀረ የሚቀጣበት ድርጅት ነው። ለቀስተኛው ከሚያለቅስበት ምክንያት አንዱ ቅጣቱ ነው ብሎ የሚቀልድ አይጠፋም። እኔ ግን ይህ ቅጣት ከእድር ጥበብ ሁሉ ትልቁ ይመስለኛል። ያበጁት ሰዎች ቀብርን ለኀዘን አሳልፈው አልሰጡትም፤ ኀዘን የማይታመን እንግዳ መሆኑን ያውቁ ነበር። አንዳንዱ ጎረቤት ከሟቹ ጋር በአጥር ተጣልቶ የኖረ ነው፤ አንዳንዱም ከነጭራሹ አያውቀውም። ጡሩንባው ሲነፋ ግን ሁለቱም ይነሣሉ፤ ወንበር ይሸከማሉ፣ ድንኳን ይተክላሉ፣ እስከ መቃብሩ ይሸኛሉ። ቀብሩም ቀብር ነው፤ የስንቱ ልብ እንዳዘነ የሚቆጥር የለም። ታዲያ የቀብር መሠረቱ ለቅሶ አይደለም ማለት ነው። አልቃሽ የሌለበት ቀብር የጎደለ ቀብር ነው የምንለው፣ ቀብርን በአልቃሹ ስለምንለካ ነው፤ እድራችን እንኳ እንደዚያ አልለካውም።

እድር የሚለካበት ሌላ መለኪያ ግን አለው፤ እሱም ብድር ነው። ዛሬ የአንተን እናት እቀብራለሁ፣ ነገ የእኔን ትቀብራለህ። ይህ ክብ ጠንካራ የሆነው ክብ ስለሆነ ነው፤ ክብ የሆነ ነገር ሁሉ ደግሞ ውጭ አለው። መዋጮ ያልከፈለ፣ ቋሚ ሰፈር የሌለው፣ ከገጠር መጥታ በሰው ቤት ስታገለግል ኖራ ስሟን በምን መዝገብ እንደሚያሰፍሩት ያላወቀች፣ የጎዳና ተዳዳሪው፤ እነዚህ ሁሉ ከክቡ ውጭ ናቸው። ማንም ክፉ ስለሆነባቸው አይደለም፤ ሰፈሩ ሰብስቦ ሊቀብራቸውም ይችላል፣ ብዙ ጊዜም ይቀብራል። ያን ጊዜ የሚሆነው ነገር ግን ከሌላው ቀን የተለየ ነው። የሚቀበረው ሰው ማንንም አልቀበረም፤ ብድር የሚመልስ ልጅ አልተወም፤ ቀብሩ ላይ የተገኘ ሰው መገኘቱን የሚያይለት፣ ነገ ውለታ የሚቆጥርለት ሰው የለም። ከቀብር ላይ ለቅሶው ከተነሣ፣ ብድሩም ከተነሣ፣ ይሉኝታውም ከተነሣ በኋላ እዚያ የቆመው ሰው ለምን ቆመ? ሽታ እንዳንል ያንን የእንግሊዙ ሕግ ራሱ አፍርሶታል።

ምናልባት ሊያውቀው ቆሞ ይሆናል ያሉ ገጣሚዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 በኔዘርላንድ፣ ኅሮኒንገን በተባለች ከተማ፣ ባርት ድሮኽ የተባለ ገጣሚ ያለ ሸኚ ለሚቀበሩ ሰዎች ግጥም ማንበብ ጀመረ። በማግስቱ ዓመት ኤፍ. ስታሪክ ሐሳቡን ወደ አምስተርዳም ወስዶ «ብቸኛው ቀብር» ብሎ ሥርዓት አበጀለት። ገጣሚው የሚሰጠው መረጃ የከተማው ሠራተኛ በሟቹ ቤት ያገኘው ነው፤ ዕድሜ፣ አድራሻ፣ በመደርደሪያ ላይ የነበረ ዕቃ፤ አንዳንዴም ስም እንኳ የለም። በዚያ ላይ ግጥም ጽፎ በሬሳ ሣጥኑ ፊት፣ ለተሸካሚዎቹና ለሹሙ ያነባል። ለእኛ ይህ ሥራ ባዕድ አይደለም፤ አልቃሽ ማለት ይኼው ነው። ልዩነቱ የእኛ አልቃሽ ስንቅ ያላት መሆኑ ነው። ዘር ቆጠራውን ከአክስት፣ ጀብዱውን ከጓደኛ ሰምታ ነው የምታወርደው፤ ፈሪውን አንበሳ ነበር ብትል ለቀስተኛው ውስጥ ውስጡን ይስቃል። የአምስተርዳሙ ገጣሚ ውሸት ቢናገር የሚስቅበት የለም። ደግ አባት ነበር ቢል፣ ባሕር የወደደ ነበር ቢል፣ ማን ያርመዋል? ነፃነቱ ፍጹም ነው፤ ለዚህም ነው ምንም ማለት የማይችለው። በእርግጠኝነት ሊናገር የሚችለው እውነት አንድ ብቻ ነው፦ አላወቅንህም።

አላወቅንህም ብሎ መናገር ለቅሶ ይሆናል? መጀመሪያ ስድብ ይመስላል። ግን ወገን በሞላበት ድንኳን ውስጥ የሚባለውን እናስታውስ። የሕይወት ታሪክ ይነበባል፤ የተወለደበት ዓመት፣ የሠራበት መሥሪያ ቤት፣ የልጆቹ ብዛት። በሃምሳ ዓመት ትዳር ውስጥ ለሚስቱ ያልነገራት ነገር አይነበብም፣ እሷም አታውቀውም። ወዳጁ የሚያውቀው ጠባዩን ልጁ አያውቀውም። ሁላችንም የምንቀበረው በአብዛኛው ሳንታወቅ ነው፤ የሕዝቡ ብዛትና የአልቃሿ ድምፅ ይህን ይሸፍነዋል። ብቻውን የሚቀበረው ሰው ላይ መሸፈኛው ስለሌለ እውነቱ ራቁቱን ወጣ እንጂ እሱ ከእኛ ይበልጥ እንግዳ ስለነበር አይደለም። ስለዚህ በዚያ ቀብር ላይ የቆመው ሰው ሊያውቀው አልቆመም፤ ማወቅ ለማንም ቀብር መስፈርት ሆኖ አያውቅም።

የጎደለው መልስ ከግዴታ በኩል ይመጣ ይሆን? በአይሁድ ሕግ ሊቀ ካህናቱ በሬሳ እንዳይረክስ ለአባቱም ለእናቱም እንኳ ቀብር እንዳይቀርብ ተከልክሏል፤ ይህ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 21 የተጻፈ ነው። ሊቃውንቱ ግን አንድ ሬሳ ለዩ፤ በመንገዱ ላይ ቀባሪ የሌለው ሟች ቢያገኝ ያው ሊቀ ካህናት በእጁ ሊቀብረው ይገባል አሉ። ለወለደው ያልተፈቀደለት ላልወለደው ግዴታ ሆነበት። ምክንያቱን ላሰበው ሰው ቀላል ነው፤ አባቱ ሌላ ቀባሪ አለው። ወገን ማጣት እዚህ ጉድለት መሆኑ ቀርቶ መብት ሆነ፤ ያገኘው ሰው ወገኑ ነው። በእስልምና ደግሞ ሟችን ማጠብ፣ መከፈን፣ የጀናዛ ሶላት መስገድና መቅበር ፈርድ ኪፋያ ነው፤ የተወሰኑ ሰዎች ከፈጸሙት ከሌላው ሁሉ ይነሣል፣ ማንም ካልፈጸመው ሁሉም ይጠየቃል። ይህ ሐሳብ ማዘጋጃ ቤት ለሚፈጽመው የሕዝብ ቀብር ትርጉም ከሁሉም በላይ የቀረበ ይመስለኛል፤ ሟቹ የማንም ስላልሆነ የሁሉም ነው።

ይሁን እንጂ ከተማ ይህን ሐሳብ እንዴት እንደሚያበላሸው ማየት አያስቸግርም። ፈርዱን ከሰፈሩ ሁሉ የሚያነሡት ጥቂቶች በጎረቤት ዓይን ፊት ነበር የሚያነሡት፤ ማን እንደቆፈረ፣ ማን እንዳጠበ ይታወቃል። ዛሬ ያ «ጥቂቶች» የሚባለው ወገን የቢሮ ቁጥር አለው። ግብሬን ከፍዬ ተኝቻለሁ፤ ሌሊት አንድ ሰው ከአልጋው ይወሰዳል፣ በሳምንቱ ይቀበራል፤ ግዴታው ከእኔ ላይ ሲነሣ እንደነበረብኝም አልሰማሁ። ሁላችንም ቀበርነው ወይስ ማናችንም አልቀበርነውም? ሁለቱም መልሶች በመዝገቡ ላይ አንድ ዓይነት ፊርማ ይተዋሉ።

የግብሩን ገንዘብ ካነሣን አይቀር፣ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 27 ያለውን ነገር ማለፍ አይቻልም። ይሁዳ ሠላሳውን ብር በቤተ መቅደስ ወርውሮ ሄደ። የካህናት አለቆች የደም ዋጋ ነውና ወደ መባ ሣጥን አይገባም ብለው ተማከሩ፤ በመጨረሻ የሸክላ ሠሪውን መሬት ለእንግዶች መቃብር እንዲሆን ገዙበት። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ስም የለሾችን የሚቀብርበትን ቦታ እስከ ዛሬ የሸክላ ሠሪ መሬት ይለዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1869 ጀምሮ ከአንድ ሚሊዮን ሰው በላይ የተቀበረበት የኒው ዮርኩ ሃርት ደሴት አንዱ ነው። ስብከቱ ብዙ ጊዜ በይሁዳ ላይ ያበቃል። እኔን የያዘኝ ግን መሬቱ ነው። የሰውን ደም የገዛ ብር ለእግዚአብሔር ቤት ረከሰ፤ ለባዕድ ሬሳ ግን በቃ። ስድብ ነው? ወይስ ባዕዱን ለመቅበር ሌላ ዓይነት ገንዘብ ኖሮም አያውቅም? ቁራሽ የነፈግነውን ሰው ሲሞት ከፈን የምንገዛለት፣ በቁሙ በሩን ያላንኳኳንበትን ሰው በግጥም የምንሸኘው፣ ያለብንን ነገር እያወቅን ነው። የሕዝብ ቀብር ከጥፋት በመጣ ብር ይፈጸማል። ሆኖም ጉድጓዱ ጉድጓድ ነው፤ በዚያ መሬት የተኛው እንግዳ የብሩን ታሪክ ተጠይቆ አልተመለሰም።

ይህን ሁሉ ከሌላ ጫፍ የያዘ ሰው ቢኖር ከሰማንያ አንዱ መጻሕፍታችን አንዱ የሆነው መጽሐፈ ጦቢት ላይ ያለው አዛውንት ነው። በነነዌ ምርኮ ሳለ፣ በበዓል ቀን ማዕድ ቀርቦለት፣ ከወገኖቹ ድሃ ፈልጎ እንዲያመጣ ልጁን ላከው። ልጁ የተመለሰው በገበያ የተጣለ ሬሳ አለ ብሎ ነው። ሽማግሌው ሳይቀምስ ተነሣ፣ ሬሳውን ደበቀ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ቀበረው። ጎረቤቶቹ ሳቁበት፤ በዚሁ ሥራ ቀድሞ ሊገደል ተፈልጎ ሸሽቶ ነበርና። ዓይኑን የሚያጠፋው ነገር ያገኘውም በዚያችው ሌሊት ነው። ከታሪኩ የምወደው ቅደም ተከተሉን ነው። ጦቢት ልጁን የላከው ሬሳ ፍለጋ አልነበረም፤ እንግዳ ፍለጋ ነው። ሊያበላው የፈለገውና የቀበረው ሰው በአንድ መልእክት ነው የተፈለጉት። የእሱን ቀብር ከማዘጋጃ ቤቱ ቀብር የሚለየው ምናልባት ይህ ብቻ ነው፤ ደብቆ፣ ያለ ድንኳን፣ ያለ ለቀስተኛ ነበርና በሌላው ሁሉ አንድ ናቸው።

እስካሁን «ወገን የሌለው» እያልኩ መጥቻለሁ። ቃሉን ግን አንድ ጊዜ መጠርጠር ይገባል። ከሰማይ የወደቀ ሰው የለም። ወገን የሌለው የምንለው ብዙ ጊዜ ወገኑ ያልሰማለት ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 2013 ከላምፔዱዛ ደሴት አጠገብ በሰጠመው ጀልባ ከ360 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። በሲሲሊ በየመቃብሩ፣ ብዙዎቹ በቁጥር ተቀበሩ። ከቀናት በኋላ በአግሪጄንቶ ከተማ ሹማምንት የተገኙበት ሥነ ሥርዓት ተደረገላቸው፤ ሣጥን አልነበረም፣ ከአደጋው የተረፉትም በደሴቲቱ ላይ ቀሩ። ሟችም የለ፣ ሐዘንተኛም የለ፣ ቀብር ግን ነበረ። በዚያው ሰዓት በአስመራም በሌላም ቦታ ልጇ ስልክ ይደውላል ብላ የምትጠብቅ እናት ነበረች። በእኛ ወግ ከቀብር የማያንስ ሥራ መርዶ ነው፤ የሚያረዱት ሰዎች ይመረጣሉ፣ ሰዓቱ ይመረጣል፣ በማለዳ ይኬዳል። «ለቀባሪው አረዱት» የሚለው ተረት የሚያውቀውን ለሚያውቀው መንገርን ያሾፍበታል። ወገን በማይታወቅበት ቀብር ግን ተረቱ ቀልድነቱን ያጣል፤ የተረዳው በእውነት ቀባሪው ብቻ ነው፤ ከእሱ አልፎ የሚሄድበት ደጅ አልተገኘም። የሚላኗ የሕግ ሕክምና ሊቅ ክሪስቲና ካታኔዮና ባልደረቦቿ በኋላ የእነዚያን ሟቾች ማንነት በዘረመልና በፎቶግራፍ መፈለግ ጀመሩ፤ ወደ ጣሊያን የመጡ ቤተሰቦችም ነበሩ። የሠሩት የላቦራቶሪ ሥራ ነው ይባላል፤ እኔ ግን መርዶ ይዞ ደጅ የመፈለግ ሥራ ብለው ይቀለኛል።

እንግዲህ ማዘጋጃ ቤት ሲቀብር ሁለት ነገር ነው የሚያደርገው፤ እነሱም ይጋጫሉ። ሟቹን ከውርደት ያነሣል፤ ዘመድ መጠበቁንም ያቆማል። በሎስ አንጀለስ አውራጃ ጠያቂ ያልመጣለት ሟች ተቃጥሎ አመዱ ሦስት ዓመት ያህል ይጠበቃል። ከዚያ በታኅሣሥ አንድ ቀን የዓመቱ ሁሉ በአንድ መቃብር ይገባል፤ የልዩ ልዩ እምነት አባቶች ይጸልያሉ፣ የማያውቋቸው የከተማው ሰዎች አበባ ይዘው ይቆማሉ፣ ድንጋዩ ላይ ዓመቱ ብቻ ይጻፋል። ሦስት ዓመት ለመጠበቅ ረጅም ነው፤ ለወንድም ግን አጭር ሊሆን ይችላል። በአራተኛው ዓመት የመጣ ወንድም እነዚያን ሰዎች ያመሰግናቸዋል ብለን እናስባለን፤ ወጉ ያ ነውና። ግን እኔን ሳትጠብቁ ወንድሜን ከማያውቃቸው ጋር የቀላቀላችሁ እናንተ ማን ናችሁ ብሎ ቢቆጣስ? ልክ ነው። ቀባሪዎቹም ልክ ነበሩ። አደራ ያለ ተቀባይ የተያዘ ነበር፤ ተቀባዩ ሲመጣ ያዢዎቹ ባለዕዳ ሆነው ይገኛሉ፣ ምስጋናው የሚገባቸውም እነሱ ናቸው። ይህን የሚያስታርቅ ነገር አላገኘሁም። ቢያንስ መዝገቡ በጥንቃቄ ከተያዘ ወንድምየው የሚቆጣው ትክክለኛው ጉድጓድ አጠገብ ቆሞ ይሆናል፤ ሙት ዓመቱን ማውጣት ከፈለገም ከመቼ እንደሚቆጥር ያውቃል።